በጎን የተሣሉት

ኅዳር 6 ቀን 75 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ዛሬም ያው አበባ። ዲዛይን ክፍል ገብቼ እስክወጣ የአንሶላ አበባ ስደግም ዋልሁ። ቅጠሉን ትንሽ ላጥፈው ብል አለቃዬ እንዳለ ይሁን አሉ። እሺ፣ እንዳለ ይሁን። አንገቴን አሞኛል።

ስወጣ ጋሽ ሞላ ካሴት ቤት ጎራ አልሁ። ለካሴት ሽፋን የሣልሁት ሥዕል ወድቋል። አዲስ አበባ ያለው ሳንሱር የይስማውን ዘፈኖች አሳልፎ ሽፋኑን ብቻ ጣለው። ምክንያቱ አንድ መስመር ናት፦ ሰፊው ሕዝብ ሲሰለፍ ዘፋኙ ተቀምጧል። ውሸት አይደለም፣ ተቀምጧል። ጣና ዳር ድንጋይ ላይ፣ ክራሩን አቅፎ፣ ፊት ለፊት እያየን። ከኋላው የፋብሪካችን ሰዎች በሐይቁ መንገድ ወደ ሰልፍ ይሄዳሉ። ካሴቱ በፎቶ ይወጣል፤ ይስማው በውሰት ኮት፣ መጋረጃ ፊት ቆሞ።

የሽፋኑ ጀርባ ላይ ስሜ ሊጻፍ ነበር፣ በደቃቁ። ለማንም አልነገርሁም፣ ላንቺ ብቻ ነው ደብተሬ። ጋሽ ሞላ አዘኑልኝ መሰል፣ ዋናውን ሥዕል ከተሣለበት ኮምፔንሳቶ ጣውላ ጋር ከቴፑ በላይ ሰቀሉት። ሰው አይቶ ይፍረድ አሉ። ይፍረድ። እኔ ልተኛ ነው።

ኅዳር 8፣ ረቡዕ

ፍርዱ ብዙ ነው። ካሴት ሊያስቀዳ የገባ ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ አንድ ነገር ሳይል አይወጣም። የሐሙሲት መስመር ሾፌር፣ ክራር እንደዚህ አይያዝም አለ። ከጎርጎራ በጀልባ የመጣ ሰውዬ፣ ውኃው ሰማያዊ መሆኑ አስቆጣው፤ ዕድሜ ልኬን ጣና ላይ ስኖር እንዲህ ሆኖ አላየሁትም ብሎ ማለ። አንድ የፔዳ፣ የመምህራን ኮሌጁ፣ ተማሪ በእጁ እያወራ ብዙ ተናገረ፤ የገባኝ ሥዕሉ ንቃት ይጎድለዋል ያለው ብቻ ነው። ሁለት ልጃገረዶች ደግሞ ይስማው ከዚህ ይበልጥ ያምራል አሉ። አያምርም። አፍንጫውን አሳንሼለት ነው።

ማንም ሠዓሊዋ ጥግ ላይ ቆማ እንደምትሰማ አላወቀም። ደስ ይላል፣ ያደክማልም። ስኳር አልመጣም፣ ሻይ በጨው።

ኅዳር 11፣ ቅዳሜ

ሰልፍ። ከጧት ጀምሮ ፀሐይ ላይ። መፈክሩን የጻፍሁት እኔ፣ የተሸከምሁትም እኔ። እግሬ ዐብጧል።

ግን ዛሬ አንድ ጥሩ ነገር ሆነ። ካሳነሽ የሽመና ክፍል ሴቶችን አግተልትላ ጋሽ ሞላ ቤት መጣች። ካሳነሽ ማለት ፋብሪካ ከገባሁ ጀምሮ በሰርቪስ አጠገቤ የምትቀመጥ፣ ዳቦዋን ገምሳ የምታጎርሰኝ ሰው ናት። ሥዕሉ ላይ ከሰልፈኞቹ ፊት ያደረግኋት እሷን ነው፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ እንደ ልማዷ ፈጠን ፈጠን እያለች። ገና ከበር፣ ይችውላችሁ እኔ፣ አለች። ሌሎቹም እየተጋፉ ራሳቸውን ፈለጉ። ይቺ አካሄዷ ያንቺ ነው፣ ይሄ መጎንበስ የኔ ነው፣ ተባባሉ። ሥዕሉ ላይ የሌሉትም ራሳቸውን አገኙ። ሳቅሁ። ሳንሱር ምን ያድርገኝ!

ኅዳር 12፣ እሑድ፣ ሚካኤል

ትናንት ሳቅሁ ከምል አልሳቅሁም ብዬ ብጽፍ ይሻለኝ ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አንድ ደብተራ፣ ሥዕሉን ዓርብ ዕለት ያዩ፣ ለተሰበሰበው ሰው ጨዋታ አመጡ። የመሪጌታ ልጅ ትርንጎ ይስማውን ጻድቅ አድርጋ ፋብሪካውን በሙሉ ሲኦል ሰደደችው አሉ፣ እኔን ነው። ሰው አልገባው ሲል አስረዱት። ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሣላል። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ኃጥእ ሁሉ በጎን፣ በአንድ ዓይን። እዚህ አገር ይህን የማያውቅ የለም፤ የየደሴቱ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አለ። እኔማ አባቴ ቤተ መቅደስ ሲሥሉ ቀለም እየፈጨሁ ያደግሁ ነኝ። ታዲያ የሚሄድ ሰው በጎን ነው የሚታየው! ሌላ ምን ላድርግ? ይስማው ተቀምጧል፣ ፊቱን አየሁት። እነሱ ይሄዳሉ፣ ጎናቸውን አየሁት። በቃ።

ግቢው ሳቀ። ካሳነሽ ጠበል ይዛ ቆማ ነበር። አልሳቀችም።

ኅዳር 13፣ ሰኞ

ሰርቪስ ላይ ቦታ ቀየረች። ከሹፌሩ ኋላ፣ ብቻዋን። ሽመና ክፍል ያሉት ሰላምታዬን በጭንቅላት መለሱ። አንዷ፣ አንድ ዓይና መጣች ብላ ራሷን ስትጠራ ሰማሁ፤ እኔ እንድሰማ ነው። የሳንሱሩ ቃል የዚህን ያህል አላመመኝም። ሳንሱሩን አላውቀውም፣ ዳቦ አላጎረሰኝም።

አበባ ደገምሁ።

ኅዳር 15፣ ረቡዕ

ጾም ገባ። ይስማው መጣ፣ ፊቱ በርቷል። ወሬው ተመችቶታል፣ ወጣቱ ሁሉ ሥዕሉን ሊያይ እየመጣ ነው አለ። በድብቅ እናሳትመው ይላል። እስከ ቀትር የሚተኛ ሰው ጻድቅ ሲሉት አመነ! እነዚያ ከንጋት ጀምሮ ማሽን ስር የሚቆሙትስ? አልሁት። ዘፈን የሚገባቸው ይመስልሻል ወይ አለኝ። ካሴቱን የሚገዙለት እነሱ ናቸው።

ወደ ማታ ጋሽ ሞላ ሥዕሉን በጋዜጣ ጠቅልለው አመጡልኝ። የቀበሌው ጓድ ሱቅ ገብቶ ሰው የሚስቀው ለምንድን ነው ብሎ ጠይቋቸዋል። አላወቅሁም አሉት። ልጄ፣ እኔ ልጆች አሉኝ፣ አሉኝና ሻይም ሳይጠጡ ሄዱ። አልፈርድባቸውም።

አባባን ጠየቅኋቸው። ሥዕሉን መስኮት አጠገብ አስደግፈው ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እጅሽ የለመደውን ሠርቷል፣ ልብሽን ግን ራስሽ ጠይቂው፣ አሉና ተነሡ።

ጠየቅሁት፣ ደብተሬ። ሰልፍ እንደሰለቸኝ ነገረኝ። ሰልፈኛው ግን አልሰለቸኝም። ሁለቱን ነገር ሳልለይ ነው የሣልሁት። ይህን ለካሳነሽ እንዴት ብዬ ላስረዳት?

ኅዳር 17፣ ዓርብ

አላስረዳሁም። ሰርቪስ ላይ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥሁ። መውረጃችን አካባቢ ስንደርስ፣ እሑድ ቤቴ መጥተሽ ተቀመጭልኝ፣ ፊት ለፊት ልሥልሽ፣ አልኋት። ለምኑ አለች፤ እሱ እንደሁ የወደቀ ሥዕል ነው፣ ማን ሊያየው። እኔና አንቺ አልሁ። መስኮቱን እያየች፣ የቅዳሜ ሌሊት ፈረቃ ነኝ፣ ይደክመኛል፣ አለች። አዎ አላለችም፣ እምቢም አላለችም።

ኅዳር 18፣ ቅዳሜ

ከሰልፍ መልስ። ይስማው ላይ የቆዳ ቀለም ለበጥሁና ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞርሁት። አሁን አንድ ዓይን ነው። አፍንጫውንም ወደ ልኩ መለስሁት። ሲያይ ይጮኻል፤ ይጩህ፣ የሱ ፎቶ አለለት።

የካሳነሽን ፊት ፍቄ ባዶ ተውሁት። ነገ ካልመጣች ባዶ ይሆናል።

ኅዳር 19፣ እሑድ፣ ጧት

መጣች! ከፋብሪካው በቀጥታ፣ ጥጥ ጸጉሯ ላይ እንዳለ። ሰላም ሳትለኝ የት ልቀመጥ አለች። መስኮቱ ፊት በርጩማ አደረግሁላት፣ ጀርባዋን ግድግዳ አስደገፍኋት። ነጠላዋን ፈታ እንደገና ወገቧ ላይ አሰረች። ሁለቱንም ዓይኔን፣ አደራ፣ አለችኝ። ሁለቱንም አልኋት። ወጣት አታድርጊኝ፣ ሰው ይስቃል፣ አለች። ከዚያ ትክ ብላ አየችኝ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ አላየችኝም ነበር፤ ዕንባዬ መጣ፣ ቀለም የምፈልግ መስዬ ዞርሁ።

ቀለሙን በጥብጬ ቀና ስል ተኝታለች።

አፏ ገርበብ ብሏል፣ እጆቿ ጭኗ ላይ ወድቀዋል። ሁለቱም ዓይኖቿ ተጨፍነዋል። አባባ በበሩ ብቅ ብለው አዩን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቀስቅሻት እንጂ ብርሃኑ ይሄድብሻል፣ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ፀሐዩ ከፊቷ ላይ ሊነሣ ነው፣ ቀለሙም ጠርዝ ጠርዙ መድረቅ ጀምሯል።

አልቀሰቅሳትም። ይድረቅ፣ ሌላ እበጠብጣለሁ። አንቺን የማወጣሽም እጄ ሥራ ስለፈታ ነው፣ ደብተሬ። ሰርቪሱ ነገ ጧት ነው፣ እስከዚያ ትተኛ። ስትነቃ ሁለቱንም ዓይኖቿን እሥላለሁ።