ቀለም ያልነካው ብየዳ

ጥቅምት 4
ለቦምቤ ከተማ የታዘዘው የግንድ መሰንጠቂያ ማሽን ተገጣጥሞ ቆመ። እግሩም ሐዲዱም ዲስኩን የሚያዞረው ኩሽኔታ መቀመጫም የእኔ ብየዳ። ሙሉ ማሽን ብቻዬን ስሠራ የመጀመሪያዬ... ፈተናውን ካለፈ የወርክሾፑ ባለቤት ጋሽ ገብረመስቀል ስሜን ብረቱ ላይ ሊመቱልኝ ቃል ገብተዋል። እስከ ዛሬ ከዚህ ወርክሾፕ የሚወጣ ሁሉ የሳቸው ስም ብቻ ነው ያለበት።
መቀመጫውን እየበየድኩ መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ሲመጣ የቀዘቀዘውን ሳልፍቅ ካቆምኩበት ቀጠልኩ።
ጋሼ ቦዲቲ ሄዱ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የሸጡትን ማሽን ግራሶ፣ ቅባቱ እንዳልደረቀ ሊያዩ! ማንም አልጠራቸውም። ሸጠውት የለ እንዴ ብላቸው፣ "ልጁን የዳረ ሰው መጠየቅ ይተዋል?" አሉኝ። ምን ዓይነት ሰው ናቸው?

ጥቅምት 6
ገዢው አቶ አንጁሎ ከቦምቤ መጡ። እሁድ ፓስተር ጠርተው ሊያስመርቁት ነው። ቀለም ያልነካው ብረት ለእንግዳ አላሳይም ብለው ድርቅ አሉ። ጋሼ አልተመለሱም። ሕጋቸውን አውቃለሁ፤ ማሽኑ ግማሽ ቀን ባዶውን ሳይዞር ቀለም የለም። ቀለም ስንጥቅ ይደብቃላ።
ቀባሁት። አረንጓዴ። ደግሞ ማማሩ!
...ለአቶ አንጁሎ ብዬ ነው? ወይስ ያቺን መቀመጫ እኔም ማየት ስላልፈለግሁ?

ጥቅምት 7
ጋሼ ገቡ። ቀለሙን አዩ። ሞተሩን አስነስተው እስከ ምሳ ሰዓት አዞሩት። መዳፋቸውን ኩሽኔታው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደህና ነው ብለው የስም መምቻውን ሊያመጡ ተነሱ።
 ግንድ ሲገባበት ብየዳው ቢላቀቅስ? ዲስኩ ሰው ላይ ቢበር?
"ጋሼ፣ አይምቱ" አልኩ። የመብራቱን ነገር አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው።
ቀለሙን ፋቅነው። ጸጉር የምታክል ስንጥቅ... ቁጣቸውን ጠበቅኩ። "ሰገነት፣ መዳፌ አልነገረኝም። አንቺ ነሽ የነገርሽኝ" አሉ። ከዚያ ራሳቸው ለአቶ አንጁሎ ደወሉ። "ለእሁድ አይደርስም፣ ጥፋቱም የእኔ ነው" አሏቸው። የሳቸው! ጓሮ ዞሬ አለቀስኩ።

ጥቅምት 12
ቆርጬ ጥዬ እንደገና በየድኩ። ግማሽ ቀን ዞረ። ቀለሙ ከዚያ በኋላ። ያቺን ብየዳ ብቻ አልቀባኋትም፤ እንዳትዝግ ዘይት አስነካኋት። የመጣ ሁሉ ይያት።
ጋሼ መዶሻውንና መምቻውን አቀበሉኝ። ራስሽ ምቺው አሉ። መታሁት፤ ስሜ ትንሽ ጠመመ።

ጥር 14
ቦምቤ ሄድኩ። ማንም አልጠራኝም። አቶ አንጁሎ ሲያዩኝ ደነገጡ፤ ምን ተበላሸ ብለው። ምንም፣ ልያት ብዬ ነው አልኳቸው። ያቺን ቦታ ራሳቸው በጨርቅ ጠርገው አሳዩኝ። ግንድ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ እዚህ ጋ እዩ እላለሁ አሉኝ። ዝገት የለ፣ ስንጥቅ የለ። ግራሶ ጨመርኩላት።
ማታ ሶዶ ወርክሾፑ ስደርስ ጋሼ በር ላይ ቆመው ነበር። የት ውለሽ ነው አሉኝ።
"ልጄን ልጠይቅ ሄጄ" አልኳቸው።