ዝም ያልኳት ጠልቻት አይደለም

ለምወድሽ ልጄ ለዊናርሲ፤

እንደምን ከረምሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የባሕር ማዶ ብርድ ለቀቃችሁ ወይስ አሁንም ካልሲ ላይ ካልሲ እየደረባችሁ ትተኛላችሁ? ባለቤትሽ ኮሊን ደህና ነው? ወገቡ ተሻለው ወይስ ከመኪና ሲወርድ እንደ እኔ ያቃስታል? ትንሿ ላራስስ? የወለቁት ጥርሶቿ በቀሉ? ምግብ ትበላለች? አላህ ሁላችሁንም ከክፉ ነገር ይሰውርልኝ። እኔን ከጠየቅሽ፣ ከጉልበቴና ከናፍቆታችሁ በቀር የሚያመኝ የለም። ጉልበቴን በኮኮናት ዘይት አሸዋለሁ፤ ለሌላው የሚሆን ቅባት ግን ገበያውን ዞሬ አጣሁ።

ስልክ እያለ ወረቀት ማበላሸት ምን ይባላል እንደምትዪ አውቃለሁ። በስልክ አንቺ ቁም ነገር ስትጠይቂኝ እኔ እቀልዳለሁ፤ ስትስቂ ደግሞ ደስ ስለሚለኝ ሌላ ቀልድ እጨምራለሁ። እንዲህ ስንል ዋናው ነገር ሳይነገር ስልኩ ይዘጋል። ወረቀት አይስቅም፤ ስለዚህ ዛሬ ቁም ነገሬን ለእሱ ልስጠው።

ላራስ «አያቴ አይወደኝም፤ ሳናግረው ዝም ይለኛል» ብላ ስልኩ አጠገብ አልመጣም እንዳለች የነገርሽኝ ቀን፣ ምሳዬን እንዳለ ለዶሮዎቹ ሰጠኋቸው። እነሱማ ከዚያን ቀን ወዲህ «ሽማግሌው ደግሞ መቼ ነው የሚያዝነው?» እያሉ ምሳ ሰዓት ላይ በሩን ከበው ይቆማሉ። ልጄ ሆይ፣ ስታናግረኝ ለምን ዝም እንዳልኳት ላስረዳሽ። ነገሩ የሚጀምረው ከጣሪያ ላይ ነው።

አትቆጪ! «በዚህ ዕድሜህ ጣሪያ ላይ?» ልትዪ ነው፤ ከአፍሽ ነጠቅኩሽ። ዝናቡ ሳይመጣ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ መጠገን ነበረበት። ጎረምሶቹ ሁሉ ወደ ከተማ ፋብሪካ ሄደው ሸክላ መደርደር የሚችል ሰው ጠፋ። ዕድሜዬን ሙሉ የጣሪያ ሸክላ ስሠራ ኖሬ «መሰላል ያዞረኛል» ልበል? ወጣሁ። ከሥሬ ደግሞ የእንግሊዝኛ ክፍል ኖሯል።

የክፍሉ አለቃ «ተነሱ!» ይላል፤ ሁሉም ብድግ ብለው «ጉ...ድ ሞር...ኒንግ!» እያሉ እንደ ዜማ ያስረዝሙታል። መምህርቷ የቃሉን ግማሽ ትጥላለች፤ ልጆቹ ቀሪውን ያነሣሉ። «ይህ ጠረ...?» ስትል «...ጴዛ!» ይላሉ። «በእንግሊዝኛ ቴ...?» ስትል «...ብል!» ብለው ይጮሃሉ። መቼም እናንተም በዚህ ዓይነት ነው የተማራችሁት፤ እኛም እንዲሁ ነበርን። የሸክላው ሥራ እጅ እንጂ አፍ አይፈልግም፤ እኔም ከላይ ሆኜ ከልጆቹ ጋር መጨረስ ጀመርኩ። አንድ ቀን ልጆቹ ተዘናግተው ዝም ሲሉ እኔ ብቻ «...ብል!» ብዬ ከሰማይ ጮህኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህርቷ ቀና ብላ «አባባ ካርሶኖ፣ እዚያ ከሚወድቁብኝ ወርደው እዚህ ቢቀመጡ ይሻላል» አለችኝ።

መምህርቷን ታውቂያታለሽ፤ ሱንዳሪ ናት፣ የባለ ወፍጮው የማርጆኖ የመጨረሻ ልጅ። አንቺ ከመሄድሽ በፊት አፍንጫዋን ስትጠርጊላት የነበረችው። ዛሬ መነጽር አድርጋ ታስፈራለች። የመጀመሪያ ቀን፣ ተማሪ ነኝና ከልጆቹ ጋር ተሰልፌ እጇን ይዤ ለሰላምታ ግንባሬን ላስነካ ጎንበስ አልኩ፤ እሷ ደግሞ ሽማግሌ ነኝና የእኔን እጅ ልትስም ጎንበስ አለች። ግንባርና ግንባር ተጋጨን። ከዚያ ወዲህ በየተራ እናድርገው ተባብለን ታረቅን።

ጎረቤቴ ፓርማን ይህን ሲሰማ ዝም የሚል ሰው መሰለሽ? «ካርሶኖ፣ መቃብር ውስጥ የሚጠይቁህ መላእክት እንግሊዞች ናቸው ያለህ ማነው?» አለኝ። «እኔን በየትኛውም ቋንቋ ይጠይቁኝ፤ አንተ ግን በየትኛውም ቋንቋ መልስ የለህም» አልኩት። እሱን በዚህ ዘጋሁት። እውነቱን ግን አልነገርኩትም፤ ለአንቺ ነው የምነግርሽ።

እውነቱ ላራስ ናት። ይዛችኋት ስትመጡ ገና ትድህ ነበር፤ ያኔ ምንም ሳንቸገር እንግባባ ነበር፣ ሁለታችንም ጥርስ አልነበረንማ። እሷ ጥርስ አበቀለች፣ ቋንቋም አብሮ በቀለላት፤ እኔ ግን በሁለቱም ባዶዬን ቀረሁ። ስትደውሉ እሷ አንድ ነገር ትላለች፣ አንቺ ትተረጉሚልኛለሽ፤ እኔ እመልሳለሁ፣ አንቺ ትወስጂላታለሽ። አላህ ይስጥልኝ፣ ድልድይ ሆነሻል። ግን ልጄ፣ የተተረጎመ ሳቅ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ስቀልድ መጀመሪያ አንቺ ትስቂያለሽ፣ ቆይታ ደግሞ እሷ ትስቃለች፤ በእኔ ቀልድ ይሁን በእናቷ ሳቅ ምን አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳልሞት፣ በራሴ አፍ ባስቃት ብዬ ነው እዚያ ዴስክ ላይ ጉልበቴን አጥፌ የተቀመጥኩት።

እንግዲህ ያን እሑድ ቀለሙ ያልለቀቀውን ባቲክ ሸሚዜን ለብሼ፣ ጸጉሬን (የተረፈውን) አበጥሬ፣ «ዛሬ አንቺ እንዳትተረጉሚ» ብዬሽ ስልኩ ፊት ተቀመጥኩ። ላራስ ስልኩ ላይ በምስል ብቅ ብላ «እንደምን ነህ አያቴ?» ብላ በቋንቋዋ ጠየቀችኝ። ይህችን ጥያቄ እንደ ሶላቴ ነው የማውቃት! መልሷን በእንቅልፌም እለዋለሁ። አፌን ከፈትኩ፤ ከፍቼም ጠበቅኩ። ምን እንደጠበቅኩ ታውቂያለሽ? ክፍሉን። ከኋላዬ የሚያነሣልኝን ድምፅ። እዚያ ክፍል ውስጥ ማንም ብቻውን አይናገርማ! ብቻውን ተናግሮ የተሳሳተውን «ሁዉዉ!» ይሉታል፤ ብቻውን ተናግሮ ልክ ያለውንም «ሁዉዉ፣ አዋቂው መጣ!» ይሉታል። ስለዚህ ሁሉም እንደ ሩዝ ማሳ ዳክዬ ተጠጋግቶ አብሮ ይጮሃል፤ ማን እንዳወቀ፣ ማን አፉን ብቻ እንዳንቀሳቀሰ አይለይም። እኔም እንደዚያ ነው የተማርኩት። ያን ቀን ግን ከኋላዬ የግድግዳ ሰዓትና ዶሮ ብቻ ነበር። መልሱን አውቄዋለሁ፤ ብቻዬን መሆኔን ነው ያላወቅኩት። ላራስ ጠበቀችኝ፣ ደግማ ጠየቀችኝ፣ ከዚያ ፊቷ እንዴት እንደሆነ አየሁት። አንቺም አዝነሽልኝ «አባዬ ደህና ነኝ ይልሻል» ብለሽ መለስሽልኝ። ልጅቱ ግን ሞኝ አይደለችም፤ ምንም እንዳላልኩ አይታለች።

በማግስቱ ለመምህርት ሱንዳሪ ነገርኳት። «ልጅቱ ጠላኝ አለች» ስላት መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። ቆይታ «አባባ፣ እኔም እንዲሁ ነው የተማርኩት» አለችኝ። ከተማ ኮሌጅ ስትገባ አንድ የውጭ አገር ሰው መንገድ ጠየቃት፤ እሷ፣ የእንግሊዝኛ መምህርት ልትሆን የሄደችው፣ ዞር ብላ ከኋላዋ ክፍሉን ፈለገች። «ከዚያም ተመልሼ መጥቼ እነዚህንም እንደዚያው አስተማርኳቸው» አለች። እኔም እንድትስቅ ብዬ «እሱስ፣ አንቺ ሰውየውን ወዴት ላክሽው?» አልኳት። ሳቀች፤ ግን ልቧ አልሳቀም።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ገብታ መጽሐፉን ዘጋችው። «የዛሬው ጥያቄ እዚህ ውስጥ የለም። የሚመልሰውም አንድ ሰው ነው፤ አባባ ካርሶኖ» አለች። ገና አፌን ሳልከፍት ክፍሉ «ሁዉዉ!» አለ። ያቺ ሪሪን የምትባል ምላሰኛ ልጅ፣ ከፊቴ የምትቀመጠው፣ «አባባ ካቃታቸው ጣሪያ ላይ ይውጡ፤ እዚያ ጎበዝ ነበሩ!» አለች። ተነሣሁ። ዴስኩን በሁለት እጄ ጨበጥኩ፤ ጉልበቴን አሞኝ ነው ብዬ ልዋሽሽ ነበር፣ ግን ወረቀት ነው። መምህርቷ በእንግሊዝኛ «ዛሬ ጠዋት ምን በሉ?» አለችኝ።

ክፍሉን ጠበቅኩ። ክፍሉም እኔን ጠበቀ። ከብዙ ቆይታ በኋላ «ካሳቫ በላሁ» አልኩ፤ ሰዋስዉን አትጠይቂኝ። «ከማን ጋር?» አለችኝ። «እኔ። እኔ ብቻ» አልኩ። አንገቴን ሰብሬ «ሁዉዉ» እስኪሉኝ ብጠብቅ ድምፅ ጠፋ። ያቺ ምላሰኛ ማንም ሳይጠራት ተነሥታ፣ በዚያው በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ «ለምን ብቻ?» አለችኝ። እኔም የማውቃቸውን ቃላት ለቃቅሜ «ሚስት የለም። ልጅ ሩቅ። የልጅ ልጅ በጣም ሩቅ» አልኩ። በአንድ ቤት እየኖሩ የልጅ ልጅ ከልጅ እንዴት ይርቃል ብሎ የሚከራከረኝ ይኖራል ብዬ ነበር፤ ማንም አልተከራከረኝም።

ከዚያ የሆነውን ልንገርሽ። ሪሪን አልተቀመጠችም። «እናቴ ሩቅ። ታይዋን» አለች። ብቻዋን። እናቷ እዚያ የአሮጊት አስታማሚ ሆና ከሄደች ወዲህ ልጅቱ ስትስቅ እንጂ ስታወራው ሰምቼ አላውቅም። ከኋላ አንዱ «አባቴ ሩቅ፤ ካሊማንታን፣ የዘንባባ እርሻ» አለ። ሌላዋ «እኅቴ፣ ማሌዥያ» አለች። አንድ አንድ እያሉ ተነሡ። የሚሳሳተው ይሳሳታል፣ የሚንተባተበው ይንተባተባል፤ «ሁዉዉ» የሚል ግን አልነበረም። ልጄ፣ በዚህ መንደር ውስጥ የሩቅ ሰው የሌለው ቤት እንደሌለ ያን ቀን ነው በባዕድ ቋንቋ የሰማሁት። በገዛ ቋንቋችን እንዲህ ተባብለን አናውቅም። መምህርት ሱንዳሪ ጀርባዋን ሰጥታን ምንም ያልተጻፈበትን ሰሌዳ ስታጸዳ ቆየች።

እኔ ታዲያ መቼም አመሌ አይለቀኝም፤ ክፍሉ እንዲያ ሲከብድብኝ «እኔ ደግሞ ጎረቤቴ ፓርማን በጣም ቅርብ፤ ይህም ችግር ነው» አልኩ። በእንግሊዝኛ! ሳቁ! ሳይተረጎም፣ ወዲያው፣ ከአፌ እንደወጣ ሳቁ። ዊናርሲ፣ ያን ሳቅ ስሰማ ያሰብኩት አንዲት ልጅ ብቻ ነው።

እንግዲህ ልለምንሽ። ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ፣ በማንኛውም እሑድ ደውይልኝ፤ እኔ እሑድ እሑድ ከስልኩ አጠገብ አልጠፋም። ላራስን አባብለሽ አስቀምጪልኝ። «አያትሽ ይወድሻል» ብለሽ እንዳትነግሪያት፤ ይህን አንቺ ካልሽው የእናት ቃል ይሆናል። ዝም ካልኩ ጠብቂኝ። አፌን ከፍቼ ብቀር፣ ዓይኔ ቢቅበዘበዝ፣ ብታዝኚልኝም እንኳ ቃል እንዳታቀብዪኝ። አሮጊት ናት ምላሴ፤ ዱላዋን ይዛ ቀስ ብላ ትመጣለች። ላራስም ትጠብቀኝ ዘንድ አስለምጂያት። በቀልዴ ባትስቅ ብትስቅብኝም ደስ ይለኛል፤ በእንግሊዝኛዬ ትሳቅበት፣ እስኪደክማት ትሳቅበት። ብቻ ከስልኩ አጠገብ እንዳትሄድ።

በይ እንግዲህ ሰላምታዬን አድርሺ። ለኮሊን ጤና ይስጥልኝ በዪው፤ ወገቡን የሚያሽበት ዘይት እልክለታለሁ፣ ከአሳማ ጋር ግን እንዳይነካካ። ለአማትሽ ለእማማ ዶሮቲ አክብሮቴን ንገሪያት፤ ያቺ ድመቷ ከሞተችባት ወዲህ ጠይቀሻታል? ጎረቤቶችሽን፣ ያን ሁልጊዜ ሣር የሚያጭደውን ሰውዬም ጭምር፣ እንደምን ናችሁ በዪልኝ። ፓርማን ሰላም ብሎሻል፤ ስለ እሱ የጻፍኩትን አላሳየሁትም። መምህርት ሱንዳሪም አፍንጫዬን አሁን ራሴ እጠርጋለሁ ይበሉልኝ ብላለች። ዶሮዎቹም ሰላም ብለዋል።

ለላራስ ግን ሰላምታ አልላክሁም፤ እንዳታደርሺልኝ። እሱን እኔ ራሴ እነግራታለሁ።

አባትሽ ካርሶኖ
ካራንግጃቲ፣ ጃቫ
ኖቬምበር 11 ቀን 2018