በእማዬ አልጋ ውስጥ የበሰለ አቮካዶ

ውድ አባዬ፣

ከሄድክ ይኸው አንድ ክረምትና አንድ በጋ አለፈ። እንዴት ነህ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ሳስበው ግን እንዴት ናችሁ መባል ያለብን እኛ ነን፣ አንተማ ተገላግለሃል። ናፍቀኸኛል። ይህን ካልኩ በኋላ ልናደድብህ ስለሆነ ተመቻችተህ ስማኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። አይሱዙህን ለአንድ የኢተያ ሰው ሸጥናት። ሰውዬው በየቀኑ ያጥባታል። አስፋልት ዳር ቆማ ሳያት የምታፍር ይመስለኛል፤ አንተ ጋር ሆና ውኃ የሚነካት ሲዘንብ ብቻ ነበር። እኔ ባጃጅ እየነዳሁ ነው። አዎ፣ ያው አትነዳም ያልከኝን። ከአስረኛ ክፍል ጋር ደግሞ እንደተኳረፍን ነን፤ እኔም አልተመለስኩ፣ እሱም ና አላለኝ። ስለዚህ ፊደል ብገድፍ አትሳቅብኝ፤ አንተም ብትሆን ከፊርማህ ሌላ ስትጽፍ አላየሁህም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። እማዬ ተኛች።

አርባህ እስኪወጣ ድረስ ደህና ነበረች። እንግዳ ተቀበለች፣ አስተናገደች፣ ድንኳኑ ሲነሳ እንኳ ገመዱን ጠቅልላ ለእድሩ ያስረከበችው እሷ ነች። ከዚያ ቀስ በቀስ ከአልጋው ጋር ተለማመደች። መጀመሪያ ከሰዓት በኋላ ነበር የምትተኛው፣ ቀጥሎ ጠዋትም፣ ቀጥሎ ለሽንት ካልሆነ መነሳቱን ተወችው። ሁለት ጉርሻ ጎርሳ ሳህኑን ወደ እኔ ትገፋለች። ሐኪም ጋር ወሰድኳት፤ ምንም የለባትም፣ ትብላ አሉኝ። ይህንንማ እኔም አውቅ ነበር።

ሁዳዴ ሲገባ ይባስ ተመቻት። በጾም ሰዓት አለመብላት ነውር የለውማ። የጎረቤት ሴቶች ሊጠይቋት ይመጡና «እሷስ ጸደቀች፣ እንዲህ ያለች ጾመኛ የት አለ» እያሉ ይወጣሉ። እኔ በር ላይ ቆሜ ልጮህ እደርሳለሁ። በጾም እኮ ሰዓቱ ሲደርስ ይበላል። የእሷ ሰዓት አይደርስም። የንስሐ አባታችን መጥተው «ልጄ፣ ለታመመ ሰው ተፈቅዷል» ቢሏት «አልታመምኩም አባ» አለቻቸው። እሳቸውም ባርከዋት ሄዱ። ይኸው፣ ማንን ይዤ ማንን ላስረዳ።

ከዚያ ወንድሟ ጋሼ ወርቁ ከዲክሲስ መጣ። አያት፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ክንዴን ይዞ ጓሮ አወጣኝ። «አንተ ቀልደኛ» አለኝ፣ «እህቴ እጅህ ላይ እያለቀች ነው። ቅዳሜ ተመልሼ እመጣለሁ። ቁጭ ብላ እህል ስትበላ ካላየሁ ይዣት እሄዳለሁ። ቤቱ ይከራያል። አንተ ወንድ ነህ፣ የትም ታድራለህ።»

ዲክሲስ ክፉ አገር ሆኖ አይደለም። ስንዴው ያምራል፣ ጋሼ ወርቁም ልቡ ደግ ነው። ግን ሰው ከአልጋ የሚያስነሳው በሬ እንደሚያስነሳው ነው፤ ሁለቴ ይጮህና ካልተነሳህ ይተውሃል። እዚያ ከተኛች ተኝታ እንደምትቀር እኔ አውቃለሁ። በዚያ ላይ ማን ይነዘንዛታል? ሊወጣ ሲል ንዴቴ አልበርድ ስላለኝ ጃንጥላው ውስጥ ሽምብራ ሞላሁበት። ዝናብ መጥቶ ሲዘረጋው አናቱ ላይ ይውረድበት ብዬ።

እንግዲህ ምን ብትበላ ነው ብዬ ሳስብ ትዝ ያለኝ ያንተ አረንጓዴ ፓስታ ነው።

ታስታውሳለህ አይደል፣ ዓርብ ዓርብ ከሐዋሳ ስትመለስ አቮካዶውን አንድ በአንድ በጋዜጣ ጠቅልለህ ከመቀመጫው ኋላ ታመጣ ነበር። ካፖርትህን ሳታወልቅ ማድ ቤት ትገባለህ። ማንም አይግባብኝ ትላለህ። ፓስታው ይቀቀላል፣ አቮካዶው ከሎሚ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከዘይት ጋር ይፈጫል፣ ከተቀቀለበት ውኃ በጭልፋ ጠብ ይደረግበታል፣ ከዚያ ፓስታው ላይ ይገለበጣል። ሐዋሳ አንድ ምግብ ቤት በልተህ መማርህን በየሳምንቱ እንደ አዲስ ትነግረናለህ። «ወተት የለው፣ ቅቤ የለው፣ ግን እንደ ክሬም ነው የሚወርደው፣ ለጾም የተፈጠረ ነው» ትላለህ። ሳህንህን ይዘህ ቆመህ ስንበላ ታየናለህ። እማዬም በልታ ስትጨርስ «እስቲ ትንሽ ጨምርልኝ» ትልሃለች። ያን ጊዜ ፊትህን ብታየው።

ስለዚህ ነፍሷ እሱ ላይ ነው ብዬ ደመደምኩ። ዓለም ላይ እሷን የሚያስነሳት ምግብ ካለ እሱ ነው አልኩ።

ገበያ ሄድኩ። ፍራፍሬ የምትሸጠው አዴ ሙሚና የሰጠችኝ አቮካዶ ለጠብ የሚሆን ነበር፤ ሰው ብትመታበት ትታሰራለህ። የበሰለ ስጪኝ ብላት ሳቀችብኝ። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ከቆላ ጥሬውን ነው የሚመጣልን። አሰላ ደግሞ ብርድ ነው። እዚህ አገር እንኳን አቮካዶ ሰውም ቶሎ አይበስልም፣ ራስህን እየው» አለችኝ። ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጠው ብላ ሸኘችኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከመቀመጫው ኋላ የምታስቀምጠው ሞተሩ እንዲያሞቀው ነበር። ይህን ሳትነግረኝ መሄድህ ራሱ ያናድደኛል። ስለ ዘይት አቀያየር ሙሉ ቀን ስታስተምረኝ ውለህ ይህችን ትተዋለህ?

ሞቃት ቦታ ስፈልግ ቤቱን ዞርኩት። ማድ ቤቱ ምድጃው ሲጠፋ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ንፋስ በስንጥቁ ይገባል። ዱቄት ውስጥ ቀበርኩት፣ ዱቄቱም በረዶ ነው። በመጨረሻ አሰብኩ፤ በዚህ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚሞቅ ቦታ አንድ ብቻ ነው። እማዬ እንቅልፍ ሲወስዳት ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጌ እግሯ ስር ደረደርኳቸው።

በነጋታው ከመኝታ ቤት ድምፅ ሰማሁ። «ምንድን ነው ይሄ ድንጋይ?»

አቮካዶ ነው አልኳት።

«አልጋዬ ላይ ምን ያደርጋል?»

«አንቺ የምታደርጊውን ነው የሚያደርገው፣ ተኝቶ ይሞቃል። ልዩነቱ እሱ ቅዳሜ ይነሳል» አልኳት።

ነጠላ ጫማዋን ወረወረችብኝ። ሳተችኝ። ግን አባዬ፣ ወረወረች። ከስንት ጊዜ በኋላ እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ አንድ ነገር አደረገች። ደስ ስላለኝ ጫማውን አንስቼ መለስኩላት፣ ደግማ እንድትወረውር። አልወረወረችም። ተገላብጣ ተኛች። አቮካዶዎቹን ግን አላወጣቻቸውም።

ቅዳሜ ደረሰ። ስጨብጣቸው እንደ ጉንጭ ለስልሰዋል። መብራት ደግሞ ጠፋ። መፍጫው እንግዲህ ለጌጥ ነው፤ በሹካ ልደፈጥጥ ተቀመጥኩ። ምድጃው ላይ ከሰል አቀጣጠልኩ፣ ድስቱን ጣድኩ። ይህን ስሠራ ጋሼ ወርቁ ኮንትራት መኪና ይዞ፣ ሹፌሩን በር ላይ አቁሞ፣ ለመንገድ የሚሆን ብርድ ልብስ በክንዱ ታቅፎ ገባ። ሳሎን ተቀምጦ ስለ ሽምብራው ምንም አላለኝም። የበለጠ ያስፈራኝ ይህ ነው።

እማዬን አስነሳት አይለኝም፣ ዝም ብሎ ሰዓቱን ያያል። ስለዚህ የማውቀውን አደረግኩ፤ ነዘነዝኩ። በግድግዳው በኩል እየጮህኩ «እማዬ፣ ፓስታው ከነላስቲኩ ነው የሚገባው?» አልኳት። «እማዬ፣ ነጭ ሽንኩርት ይላጣል ወይስ ከነልብሱ ነው?» «ጨው በማንኪያ ነው በጭልፋ?» «እማዬ፣ አረፋው ገንፍሎ ከሰሉን አጠፋው፣ እንዲህ ነው የሚደረገው?» ግማሹን የጠየቅኳት ላናድዳት ነው፣ ግማሹን ግን የምር ስለማላውቅ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ አልነግርህም። ጋሼ ወርቁ «ኧረ በእግዚአብሔር ዝም በል» አለኝ። እኔ ግን «እማዬ፣ የአቮካዶውን ፍሬ አብሬ ልደፍጥጠው?» አልኩ።

አልጋው ሲንቋቋ ተሰማኝ።

ጋቢዋን ተከናንባ፣ ግድግዳውን እየያዘች መጣች። በሩ ላይ ቆማ ድስቱን አየች፣ ወለሉን አየች፣ እስከ ክርኔ አረንጓዴ የሆነውን እጄን አየች። «አንተ ልጅ፣ ቤት እየቀባህ ነው ወይስ ምግብ እየሠራህ?» አለችኝ። ማንም ተቀመጪ ሳይላት በርጩማው ላይ ተቀመጠች። በቅጡ ሳትደላደል ሳህን ያዝኩላት። ለጋሼ ወርቁም ሰጠሁት።

በሹካዋ ጠቅለል አድርጋ ጎረሰች። አኘከች። ዋጠች። እኔና ጋሼ ወርቁ ሁለት ሌባ መስለን አፏን እናያለን።

«ልክ እንደ አባትህ» አለች።

አባዬ፣ እንዴት እንደኮራሁ ብነግርህ። ደረቴን ነፋሁት። እሷ ግን ቀጠለች። «ልክ እንደ አባትህ አበላሸኸው።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረችን። ይህን ምግብ አንድ ቀን እንኳ ወዳው እንደማታውቅ። ምላሷ ላይ እንደ ሳሙና እንደሚንሸራተትባት። ታዲያ ጨምርልኝ ትይው የነበረው ምን ሆነሽ ነው ብዬ ተቆጣኋት። «ሰውዬው ከሐዋሳ ድረስ በጋዜጣ ጠቅልሎ አምጥቶ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ ሠርቶ፣ ቆሞ አፌን ሲያየኝ ምን ልበለው? እሱ ይወደው ነበር እኮ» አለችኝ። «እሱ ሲሄድ ተገላገልኩ ስል ደግሞ አንተ…» ብላ መሳቅ ጀመረች። ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረና ፊቷን ጋቢው ውስጥ ቀበረች። ከቀብርህ ጀምሮ ሰው ፊት ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። አለቀሰች፣ ብዙ። እኔም ምን እንደማደርግ ሲጠፋኝ «እኔም አልወደውም ነበር። ድርሻዬን ለድመቷ ነበር የምሰጣት፣ እሷም እምቢ ስትለኝ ነው የምበላው» አልኳት። እንባዋን ሳትጠርግ ደግማ ሳቀች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጋሼ ወርቁ አንገቱን ደፍቶ ሲበላ ነበር። ቀና ብሎ ባዶ ሳህኑን አሳየንና «የሚወደው ከሌለ የናንተንም አምጡት» አለ።

እማዬ ከምድጃው አጠገብ ገፍትራ አስነሳችኝ። ሽሮ ሠራች። እኔን እየሰደበች፣ አንድ ድስት ሽሮ ሠርታ ከእኛ ጋር ቁጭ ብላ በላች። ጋሼ ወርቁ አየ። ወጥቶ ሹፌሩን አነጋገረና ብርድ ልብሱን አልጋዋ ላይ ጥሎላት ብቻውን ተሳፈረ። የቀሩትን አቮካዶዎች ግን ይዞ ሄደ።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ አልልህም። አንዳንድ ቀን አሁንም ትተኛለች። ያን ጊዜ አልጋዋ ውስጥ የማስገባው ነገር እፈልጋለሁ፤ ባለፈው ፓፓያ ነበር። ትነሳና ታባርረኛለች። እየበላች ነው።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩልህ ግን ለዚህ አይደለም። ሰሞኑን የባጃጄ ጎማ ፈነዳና ከተማው መውጫ ላይ ያለው ጎሚስታ፣ ጋሽ ከድር ጋር ሄድኩ። ጎማውን እየለጠፈ ያንተን ነገር አነሳ። ዓርብ ዓርብ ቤት ከመግባትህ በፊት እሱ ጋር ትቆም ነበር አሉ። ጎማ ለማሳየት ሳይሆን፣ ምሳው ላይ እጅህን ታጥበህ ለመቅረብ። ሽሮውን አብረኸው በደንብ ትበላና «ይብቃኝ፣ ቤት አቮካዶ ይጠብቀኛል፣ ሚስቴ እሱን ካልሠራሁላት ቅር ይላታል» ትለው ነበር አሉ።

አንተም?

እውነቴን ነው የምጠይቅህ። ርቦህ ነው ሽሮውን የበላኸው፣ ወይስ አንተም አትወደውም ነበር? መልሱን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ፣ አንተ ደግሞ ሰው ሲፈልግህ መጥፋት ትወዳለህ። ለእማዬ አልነገርኳትም። ልንገራት ብዬ እነሳለሁ፣ ደግሞ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ብትስቅ ደስ ይለኛል። ተመልሳ ብትተኛስ? አንድ ቀን ስትወፍር እነግራታለሁ።

ሌላ ሰው አባቱን በፎቶ ያስታውሳል። እኔ የማስታውስህ እንዲህ ነው፤ ሦስት ሰው ጠረጴዛ ከብቦ፣ አንዱ ለአንዱ ሲል ማንም የማይወደውን ፓስታ እየዋጠ፣ አንተ ጭልፋውን ይዘህ ማን ልጨምርለት ስትል። ሳህኔን እዘረጋልህ ነበር። ዛሬም ብትመጣ እዘረጋለሁ፣ እየተነጫነጭኩ።

አልረሳህም አባዬ።

ልጅህ