ጋሼን ያከሳው አቀባበል

ለተከበሩ የጥርስ ክሊኒካችን ባለቤትና ዋና ሐኪም፤
ባሉበት፣ ማለትም ከካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት ለፊት ባለው ቢሮዎ፤

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለወገብዎ፣ ቀኑን ሙሉ በሰው አፍ ላይ ለሚጎነበሰው አንገትዎና በቅርቡ ለቀየሩት መነጽር ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ። እኔ፣ በመስኮት በኩል የታካሚ ስም እየተጣራሁ የምውለው የካርድ ክፍል ሠራተኛዎ፣ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነው ጋሼ ነው። ይህን ደብዳቤ በአዳራሹ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት እርስዎን በሰው ፊት ለማሳጣት ሳይሆን፣ ቢሮዎን ባንኳኳሁ ቁጥር «ቆዪ እስቲ፣ ታካሚ ይዣለሁ» ስለምባል ነው። ታካሚዎቻችንም ቢሆኑ ተራቸውን ሲጠብቁ ከድድ ሥዕል ሌላ የሚያነቡት ነገር ቢያገኙ የሚጠሉ አይመስለኝም።

ለማያውቁን አንባቢዎች ለማስረዳት ያህል፣ ጋሼ በአዳራሹ የዓሣ ገንዳ ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ የገባ፣ ጥቁር መስመር ያለው ዝርግ ዓሣ ነው። ስሙን ያወጡለት ታካሚዎች ናቸው፤ በእርጋታ እየዞረ አዲስ የገባውን ሰው ሁሉ ከላይ እስከ ታች ስለሚያይ። ገንዳው ከተገዛ ጀምሮ ውሃውን የምቀይር፣ መስታወቱን የምወለውል፣ ማጣሪያውን አውጥቼ የማጥብ እኔ ነበርኩ። ያዘዘኝ አልነበረም፤ ያመሰገነኝም አልነበረም፤ እኔ ግን ጠዋት ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ የምሄደው ወደ እሱ ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልግባ።

አንደኛ፦ በጠዋቱ ስብሰባ ላይ ሁሉም ሠራተኛ ባለበት «ገንዳውን ከዛሬ ጀምሮ እሱ ይያዘው፣ አንቺ ካርድሽ ላይ አተኩሪ» ብለው ከድካሜ ስላሳረፉኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። «እሱ» የተባለው አዲሱ ረዳት አስተዳዳሪያችን ነው። ስለ እሱ ክፉ መናገር አልሻም፤ ጠረኑ ከእሱ ቀድሞ ከሚገባው ሽቶው በስተቀር የማወጣለት እንከን የለኝም። ነርሶቹ ሳይጠይቅ ሻይ ያቀርቡለታል። እኔ ስገባ ወንበሩ ላይ እንደተጋደመ በአገጩ ሰላም የሚለኝ ጥበቃ፣ ለእሱ ዘሎ ይነሳል። ረዳት አስተዳዳሪው ደግሞ እኔን፣ ከባለቤትዎ በዕድሜ የማንሰውን ሴት፣ «ማዘር» ይለኛል። ቀናሽ ወይ ብለው እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። ክቡር ሆይ፣ ቀናሁ። እሱ የገንዳውን ክዳን ሲከፍት እጁን ባየሁ ቁጥር የታካሚ ካርድ አገላብጬ እይዛለሁ።

ሁለተኛ፦ ስለ እንግዳ ተቀባይነትዎ። አዳራሹ ታድሶ በተከፈተበት ዕለት ረዳት አስተዳዳሪው አንድ ላስቲክ ሙሉ ሰማያዊ ትንንሽ ዓሣዎች ይዞ መጣና በጭብጨባ ታጅቦ፣ ፎቶ እየተነሳ፣ ከነመጡበት ውሃ ገንዳው ውስጥ ገለበጣቸው። እኔም ከመስኮቴ ወጥቼ፣ አዲስ ዓሣ ለጥቂት ሳምንታት በሌላ ዕቃ ለብቻው ተቀምጦ አበላሉ፣ ሆዱና ኩሱ ታይቶ፣ ጤነኛ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ነው ከነባሮቹ የሚቀላቀለው ብዬ በትሕትና አስታወስኩ። እርስዎም እየሳቁ «እንግዳ ለብቻው አይቀመጥም፣ ነውር ነው» አሉ፤ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። በዚህ ክሊኒክ አዲስ የገባ ሁሉ ማንነቱ ሳይታይ መሃል ላይ እንደሚቀመጥ ባለፈው ወር በሌላ ጉዳይ አይቼ ስለነበር ብዙም አልገረመኝም።

እንግዶቹም ይበሉ ነበር፣ እየበሉም ይከሱ ነበር። ሆዳቸው ከጀርባቸው ተጣበቀ፣ ጀርባቸው እንደ ቢላ ሰላ፣ ከኋላቸው ነጭ ክር የመሰለ ነገር እየጎተቱ መዋኘት ጀመሩ። ነርሶቹ «ወይ ቅጥነት! ምን በልተው ነው እንደዚህ ያማረባቸው?» እያሉ ሲቀኑባቸው ሰምቻለሁ። ረዳት አስተዳዳሪው ግን በደግነቱ «ርቧቸው ነው» ብሎ ምግቡን እጥፍ አደረገላቸው፤ የተረፈው ከታች ከድንጋዩ መሃል በስብሶ ውሃውን አገማው። ከእንግዶቹ ሁለቱ ሞቱ። ቀጥሎ ጋሼ መክሳት ጀመረ፤ ያ በግራና በቀኝ ሞላ ያለ ሆዱ ወደ ውስጥ ገባ።

ሦስተኛ፦ ስለ ሕክምናው። እዚህ ላይ ሙያዎን ማድነቅ ግዴታዬ ነው። የታመመ ዓሣ አለ ሲባሉ ብቅ ብለው አዩና፣ ለማንኛውም በሽተኛ የሚያዙትን ለዓሣውም አዘዙ፤ ለብ ያለ ውሃ በጨው። ጥርሱ የተነቀለ፣ ድዱ ያበጠ፣ ዝም ብሎ ሊጠይቅዎት የመጣ ዘመድ ሳይቀር ይህ ሳይታዘዝለት ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ጋሼ ግን ተጉመጥሙጦ መትፋት ስላልቻለ መሻሻል አላሳየም። ከዚያም ለድድ ሕመም የምንሰጠውን ኪኒን ከመደርደሪያው አውርዳችሁ፣ ደቁሳችሁ ውሃው ላይ በተናችሁ። ውሃው ደፈረሰ፣ ጋሼም እንደከሳ ቀረ።

በምሳ ሰዓቴ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄጄ ደጅ ጠናሁ። ያስረዱኝ እንዲህ ነው፦ በሽታውን ያመጡት አንጀት ውስጥ ተደብቀው የሚበሉ፣ ለዓይን የማይታዩ ጥገኛ ተሕዋስያን ናቸው፤ የመረጣችሁት መድኃኒት ትክክል ነው፣ የጨመራችሁበት ቦታ ግን ስህተት ነው። መግባት ያለበት ውሃው ውስጥ ሳይሆን ሆዱ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ሐኪሙ በመጠነው ልክ ከምግቡ ጋር ተለውሶ ይሰጠዋል፤ ይህም ዓሣው ገና አፉን እየከፈተ ሳለ ነው። መብላት ካቆመ መድኃኒቱ የሚገባበት በር የለም። ጋሼ ከትናንት ጀምሮ ምግብ አፉ ውስጥ አስገብቶ መልሶ መትፋት ጀምሯል። ይህን ሳይ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ፤ በዚያን ሰዓት ስሙ ሳይጠራ የቆየውን ታካሚ በዚሁ አጋጣሚ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አራተኛ ቅሬታዬ የወንበሬ እግር ነበር። ይቆይ።

ልመናዬ አንድ ነው። ክዳኑ ላይ «ከረዳት አስተዳዳሪው በስተቀር መንካት ክልክል ነው» ተብሎ የተለጠፈው ማስታወቂያ ለእኔ ብቻ ተነሥቶ፣ ጋሼን በጣቴ እንዳበላው ይፈቀድልኝ። ከእኔ ጣት ላይ ሲበላ የኖረ ዓሣ ነውና ለእኔ እምቢ አይልም። ሐኪሙ መጥነው የሰጡኝን መድኃኒት ከምግቡ ጋር ለውሼ በትንሽ ብልቃጥ በሠራተኞች ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ያለው ከምሳዎ አጠገብ ስለሆነ እንዳይሳሳቱ በአክብሮት አስጠነቅቃለሁ።

እስከ ዛሬ ላልሰጡኝ ምላሾች ሁሉ ልባዊ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ መነጽርዎ ቅርቡን ብቻ ሳይሆን ፊት ለፊትዎ ያለውን መስኮትም አጥርቶ እንዲያሳይዎት እየተመኘሁ፣

ካርዷ ላይ አተኩራ ያለችው፣
የካርድ ክፍል ሠራተኛዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በምሳ ሰዓት ስለጥፍ ረዳት አስተዳዳሪው ከኋላዬ ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበው፤ ስለ ሽቶው የጻፍኩትን ጭምር። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ «ማዘር፣ ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ? እኔ እኮ ከዚህ በፊት ዓሣ አይቼ የማውቀው ሳህን ላይ ነው» አለና ብልቃጡን ሮጦ አምጥቶ፣ ማስታወቂያውን በገዛ እጁ ገንጥሎ «በይ አብዪው» አለኝ። ከብልቃጡ ቆንጥሬ ጣቴን አስገባሁ። ጋሼ ቀረብ ብሎ አየኝና ዞሮ ሄደ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ጥግ ገብቶ ተለጠፈ። የማደርገው ሲጠፋኝ፣ እጅህን ታጠብና አንተ ሞክር አልኩት፤ ጋሼም ወጥቶ ከእሱ ጣት ላይ በላ። ዋጠ እንጂ አልተፋም። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ከላይ የለመንኩት ፈቃድ ከእንግዲህ አያስፈልግም፤ ቅናቴ ግን እንዳለ ይመዝገብልኝ።