በግራ እጄ የሰጠሁት ድምፅ

ልጄ ሊበን፣ አላህ ባለህበት ይጠብቅህ፣ ክፉ አይንካህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እህትህ ቱሪያ ወንድ ልጅ ወልዳለች።

ጅቡቲ መግባትህን ለማንም አልተነፈስኩም፤ ለጠየቀኝ ሁሉ ሐረር አክስቱ ጋ ነው እላለሁ። እሁድ ለት የቀበሌያችን ኮሚቴ፣ «በድንበር ሾልኮ የወጣ ሁሉ ሲመለስ ይታሰር» በሚል ውሳኔ ላይ ድምፅ ሰጠ። እኔም የሴቶች ተወካይ ነኝና ፊት ወንበር ላይ ነበርኩ። ሊቀ መንበሩ ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። ሁሉም እጁን ሲያወጣ እኔም አወጣሁ፤ ግን ግራዬን። በቀኜ ያጎረስኩትን ልጅ በቀኜ አልፈርድበትም ብዬ ነው። ጸሐፊው ግን የትኛው እጅ እንደሆነ መች አየ፤ «በሙሉ ድምፅ» ብሎ ጻፈ።

ይህን በነጋዴዋ በመሪያም እጅ ልኬልሃለሁ፤ አንብበህ አቃጥለው። አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ከደግ ሰው ያውልህ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ ልጄ፤ እናትህ ሞተች ቢሉህም እንዳትመጣ።

እናትህ ፋርቱን