ወንፈልህን መልሼልሃለሁ

ውድ ወንድሜ ማስረሻ፣

ደብረ ብርሃን ብርድ ነው ይላሉና ይህን ደብዳቤ ጋቢህን ደርበህ አንብበው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ወገቤ ግን በዚህ አይስማማም። ያ አብረን ያመለከትንበት፣ አንተ «የልጅ ልጆቻችን ይወርሱታል፤ ማመልከቻውን ማለቴ ነው» እያልክ የምትቀልድበት የአትክልት ቦታ ተሰጠን። አንተ ጓዝህን ጠቅልለህ ልጅህ ሔለን ቤት ከገባህ በኋላ መሆኑ እንግዲህ የኛ ዕድል ነው። ቦርከና ወንዝ ዳር፣ በሁለታችን ስም፣ እኩል በእኩል። ዕድሜዬን ሙሉ ቦርከናን በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳስፈስሰው ኖሬ፣ እውነትም ውሃ እንዳለው ያረጋገጥኩት በጡረታዬ ነው።

መጀመሪያ ብቻዬን ዶማ ይዤ ወረድኩ። ጥቂት ቆፍሬ ብዙ አሰላሰልኩ። አጠገባችን ሽንኩርት የምታለማው አስያ ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣

«አካም ቡልተን ቲቸር! እዚህ አገር ብቻውን የሚቆፍር የቀበረውን የሚፈልግ ሌባ ነው። ወንፈል ይግቡ እንጂ!» አለችኝ።

በማግስቱ አስያ፣ እንዲሁም አዋሳኞቻችን ከማልና ፋይዛ ዶማቸውን ይዘው መጡ። ከማል ዱዓ ሲያደርግ ያንተንም ስም ጠራ። የኔም ያንተም ድርሻ በአንድ ቀን ተገለበጠ። እኔም ተራዬ ደርሶ አስያ መሬት ላይ ስቆፍር ውዬ ኮቴን ሳነሳ፣

«ወዴት ነው?» አለች።

«ጨረስኩ እኮ።»

«ይሄ የእርስዎ ወንፈል ነው። የኦቦ ማስረሻስ? የሳቸውንም ቆፍረናል እኮ!»

ወንፈል በጉልበት መጥቶ በጉልበት ነው የሚመለሰው፤ ምን እላለሁ? በነጋታው አንተን ሆኜ ተመለስኩ። ከማልም ፋይዛም ዘንድ አንድ ቀን እንደ ራሴ፣ አንድ ቀን እንደ አንተ ቆፈርኩ። ከማል «ኦቦ ማስረሻ፣ ዛሬ ምነው ዶማው ከበደዎት?» ይለኛል። «ደጋ ሰንብቼ ነው» እለዋለሁ።

በኔ ድርሻ ሽንኩርት ተከልኩ፣ ባንተ ጌሾ። ፋይዛ ችግኙን ስታይ «ያ ረቢ! ቲቸር በስተርጅና ጠላ ሊጠምቁ ነው?» ብላ ጮኸች። «ባለቤቱ የሚወደውን ነው የተከልኩት» አልኳት። ወሬው ከኔ ቀድሞ መስጊድ ደረሰ።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ኮሚቴው መሬት ሊያይ መጣ። በቦታው የማይገኝ ሰው ድርሻው ተቆርሶ ለሌላ ይሰጣል። የፈራሁት ለመሬቱ አልነበረም። ያንተ ግማሽ ከተወሰደ፣ መሄድህ የሚጸና መሰለኝ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ጋዜጣውን ለራሴ ጮክ ብዬ ነው የማነበው፤ እንዳንተ አቋርጦ የሚከራከረኝ የለም። ሳልቸገር አንብቤ እጨርሰዋለሁ፤ እሱ ነው ችግሩ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አብዶ «አቶ ማስረሻ የት አሉ?» ሲል ጠየቀ።

«ወንፈላቸውን መልሰዋል!» አለች አስያ። «የኔን መሬት ቆፍረዋል።»

«የኔንም» አለች ፋይዛ።

ከማልም «ቶሎ ይደክማቸዋል እንጂ ቆፍረዋል» ብሎ ጨመረበት።

ወንፈሉን የመለሰን ሰው የለም ማለት እዚህ ነውር ነው፤ በማን ክንድ መለሰው ተብሎም አይጠየቅም። አብዶ የዚሁ አገር ልጅ ነው። ውሃ የቋጠረ መዳፌን አየ፣ ጌሾውን አየ፣ «ይሁን እንግዲህ» ብሎ አለፈ። ድርሻህ ጸና።

ሦስቱም እየሳቁ ወደየመሬታቸው ሄዱ። እኔም አብሬያቸው ስቄ ነበር። ብቻዬን ስቀር ግን ነገሩ ገባኝ፤ በዚህ ወንዝ ዳር ሰው ሁሉ ማስረሻ አለ ብሏል፣ የለም የምለው እኔ ብቻ ነኝ። ሁለት ሰው ሆኜ ቆፍሬ፣ አንድ ሰው ሆኜ ምሳዬን በላሁ።

ስለዚህ አታባብለኝ። የምትመጣ ከሆነ ቀኑን ቁረጥልኝ። የማትመጣም ከሆነ ንገረኝ፤ ፋይዛ ልጆች አሏት፣ መሬቱ ይጠቅማታል። አብዶ ፊት ቀርቤ «ማስረሻ ሄዷል» የምለው እኔው ራሴ ነኝ። መልስህ እስኪደርስ ሁለቱንም ድርሻ አጠጣለሁ። «ሄዷል» ማለቱንም ቦዩን እየከፈትኩ እለማመደዋለሁ፤ እስካሁን ግን ከአፌ አልወጣም።

ወንድምህ አብዱልጀሊል
ከሚሴ፣ ከቦርከና ዳር