የሌሊት ወፎችሽን ተከትዬ

ይድረስ ለናፈቅሽኝ ልጄ፤

እንደምን ከረምሽልኝ? ጤናሽስ? ያ ራስ ምታት ተወሽ ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አባትሽም ደህና ነው፤ ዛሬም ዜና በመጣ ቁጥር ከሬዲዮው ጋር ይጨቃጨቃል።

አድራሻዬን ማን ሰጣት ብለሽ እንዳትቆጪ፤ ማንም አልሰጠኝም። የባንክ ሥራዬን ትቼ የሌሊት ወፍ ላጥና ስትዪ አባትሽ በንዴት «ከዛሬ ጀምሮ ልጄ አይደለሽም» ብሎሽ ከወጣሽ ወዲህ ያልጠየቅሁት ሰው የለም። በሕይወት መኖርሽን እንኳ የሚነግረኝ አጣሁ። በመጨረሻ፣ ካጠናች መቼም ሳትጽፍ አትቀርም ብዬ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ተጫዋች ሴት ናት። «እማማ፣ ኢንተርኔቱ ላይ ከፈለጉ ወሬውም አብሮ ይመጣብዎታል፤ እዚህ ዳታቤዝ ውስጥ ያለው ግን ሌሎች ምሁራን አይተው ያሳለፉት ጥናት ነው» አለችኝ። የጸሐፊ ስም በሚለው ቦታ ያንቺንና የአባትሽን ስም ጻፍኩ። ዕድሜዬን በሙሉ ቢሮ ውስጥ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ፊደል አልስትም። ኮምፒውተሩ ምንም አልተገኘም አለኝ። ደግሜ ብጽፍ ያው ነው። ወሽመጤ ተቆረጠ፤ የሚታየኝ ክፉ ክፉው ሆነ።

ፊቴን አይታ ወንበሯን ሳበችና፣ ስሙን ትተን በጉዳዩ እንፈልግ፣ ምንድን ነው የምታጠናው አለችኝ። እያፈርኩ ነገርኳት። ጉድ እኮ ነው! ለካ የሌሊት ወፍ ይህን ያህል ወዳጅ አለው! ሺህ በሺህ ላይ ተዘረገፈ። ድልድይ ሥር ስለሚያድሩት ታወሪኝ ስለነበር «ድልድይ» የሚል ጨመርንበት። ከሄድሽ በኋላ የታተሙትን ብቻ አስቀረን። ከዚያ የቀረውን አንድ በአንድ ወረድኩበት።

ስምሽን ሳይ ጮኼ ኖሮ አንባቢው ሁሉ ዞረ። ግን ከስምሽ ቀጥሎ ያለው የአባትሽ ስም አይደለም። ያን ስም መንገድ ላይ ማንም ቢጠራው ዞሬ «አቤት» የምለው እኔ ነኝ። ሴትየዋ ያውቋታል ወይ ስትለኝ እንባዬ ቀደመኝ። የምትሠሪበት አድራሻ ከጽሑፉ ግርጌ ነበር፤ ወረቀት ላይ አሳትሜ ቤት ይዤ ገባሁ።

አባትሽ በር ላይ ጠበቀኝና አገኘሻት ወይ አለኝ። ወረቀቱን ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ ስምሽ ላይ ብዙ ቆየ። ይጮሃል ብዬ ስጠብቅ፣ «ደግ አደረገች» አለ፤ ድምፁ ግን የሱ አልመሰለኝም። ወረቀቱን እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም።

ልጄ፣ በጣም ናፍቀሽኛል። ነይ እንኳ ባልል አንድ ቃል ጻፊልኝ። የያዝሽው ይቅናልሽ፣ ክፉ አይይሽ፣ ጤናሽን አያጉድልብኝ።

አባትሽ ላኪልኝ ያለው ሰላምታ የለም። ብቻ ሰሞኑን ጀንበር ስትጠልቅ ደጅ ይወጣና ሽቅብ ሲያይ ይቆያል። ምን ትፈልጋለህ ስለው፣ «ምንም» ይለኛል።

እናትሽ